ጨው የጠጣ ወንበር

ነጋዴ ነኝና ከወጪው ልጀምር። ይህ ወንበር አንዲት ሰጋር በቅሎ፣ አፍንጫዬንና የአንድ ሰው ወሬ አስወጥቶኛል። በቅሎዋን በሌላ ተክቻለሁ። የቀሩት ሁለቱ ገበያ ላይ አይገኙም።

ቆዳ ሥራ የገባሁት በእህቴ ባል እጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በክርስትና ስሙ የሚጠሩት ቄሱ ብቻ ናቸው፤ በግራ እጁ ስለሚሠራ ሌላው ሁሉ «ግራኙ» ይለዋል። በእኛ አገር ይህ ስም በበጎ አይነሣም። እሱ ግን «ስሜን ሰምቶ ያማተበ አይቻለሁ፤ ኮርቻዬን የመለሰ ግን አላየሁም» እያለ ይስቃል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ማሽተት ነበር። ከደብረ ኤልያስ የመጣ የበሬ ቆዳ ፊቴ ዘረጋና «አሽት» አለኝ።

«ይገማል» አልኩት።

«ይህንንማ ውሻም ይነግረኛል። በየት በኩል ነው የሚገማው?»

በጠጉሩ በኩል የሚገማ ቆዳ ቆሽሿል፤ ይታጠባል። በሥጋው በኩል የሚገማ ተበልቷል፤ ገንዘብህን ይዘህ ተነሥ። ይህን እስክለይ ድረስ ስንት ቆዳ ውስጥ አፍንጫዬን እንደቀበርኩ እንጃ። ማታ ራቴን ገፋሁት። እህቴ የሻረግ «ወንድሜን ምን አድርገህብኝ መጣህ?» ብትለው፣ «አፍንጫ እያወጣሁለት ነው፤ እስከ ዛሬ የነበረው ለጌጥ ነው» አላት።

ግራኙ ስፌት ሲጨርስ ክሩን በአንዲት ጠባብ ቋጠሮ ይዘጋል። የሌላው ሰፊ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የእሱ ወደ ግራ። በቀኝ እጄ ብዙ ጊዜ ሞክሬያታለሁ፤ አትወጣም። ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ ያቺን ቋጠሮ ያየ ሰው ኮርቻው የማን ሥራ እንደሆነ አይጠይቅም ነበር።

ያስያዘችውም ያቺው ቋጠሮ ናት። ጣሊያን ከገባ በኋላ አርበኞቹ ዱር ገቡ፤ በቅሎ ደግሞ ዱርም ብትገባ ኮርቻ ትፈልጋለች። ግራኙ ይሰፋላቸው ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋ ተማረከች። ጣሊያኖቹ ቋጠሮ ማንበብ አያውቁም፤ ያነበበላቸው የኛው ሰው ነው። ግራኙን ወስፌውን እንደያዘ ከሱቁ አንሥተው ወደ ምሽጋቸው ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አንዱ «ባሕር ማዶ ተጋዘ» ይላል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ይላል። የሻረግ ነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። «ልጄ፣ መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ጠብቂ» አሏት። ጠበቀች። ጠጉሯን እንዳትላጭ ባሏ አልሞተ፤ እንዳትሠራው ባሏ የለ። ተንጨብሮ ቀረ።

ክረምት ሊገባ ሲል የምሽጉ አስተርጓሚ ቆዳ ወደምነግድበት ሱቄ መጣ።

«ቆዳ ታውቃለህ አሉ።»

«የከብት ከሆነ።»

«የወንበር ነው። የጣሊያኑ ካፒቴን ወንበር ሽንት ይሸታል።»

«ጌታው፣ ወንበር አይሸናም።»

«የተቀመጠበት ይሸናል» አለኝ። አልሳቀም።

በሌላ ቀን ቢሆን ዋጋ ጠሪው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ወንበሩን ወደ ሱቄ ከሚያመጡት እኔን ወንበሩ ወዳለበት እንዲያስገባኝ ብዬ ሰጋር በቅሎዬን ከነልጓሟ ሰጠሁት። ጥርሷን አይቶ ተቀበለ። ለምን መግባት እንደፈለግሁ አልጠየቀኝም። ያልጠየቀው ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ወንበሩ እስረኛ በሚመረመርበት ክፍል መሐል ብቻውን ቆሟል። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የደረቀ ደም የመሰለ ቆዳ የለበሰ፣ ጠርዙ በናስ ምስማር የተጠቀጠቀ ሰፊ ወንበር ነው። ካፒቴኑ እስረኛ መሬት አያስቀምጥም። በዚያ ለስላሳ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ እጁን ከወንበሩ ክንድ ጋር ያስረዋል፣ እሱ ቆሞ ይጠይቀዋል። «ጨዋ ሰው ነው» አለኝ አስተርጓሚው። ፊቱን ባየውም ቀልዱን ይሁን የምሩን መለየት አልቻልኩም።

ካፒቴኑ ገብቶ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ከአባቴ ቤት የመጣ ወንበር ነው፤ ብታበላሸው በቆዳህ ትከፍላለህ ይልሃል» አለኝ።

«በየትኛው? የበሬም የፍየልም አለኝ» አልኩ።

ይህችን አልተረጎማትም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሽንት የነካው ቆዳ አይፈተግም፤ የፈተገው ሰው ሽንቱን ወደ ውስጥ ነዳው ማለት ነው። በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ እርጥቡን ማውጣት ይቀድማል። ከዚያ የእንዶድ አረፋ፣ አረፋው ብቻ፣ በለስላሳ ጨርቅ። ቀጥሎ አቼቶ በውሃ ቀጥኖ። ከላዩ ፉርሽካ ተነስንሶ ያድራል፤ ፉርሽካው የቀረውን ይመጥጣል። የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ሰምና ሞራ አቅልጦ መቀባት። አመድ አይጠጋውም።

ወንበር ግን ሆድ አለው። ላዩን ያጸዳ ሰው ሳምንት ሳይሞላ ሽታው ይመለስበታል፤ የሚመጣው ከሆዱ ነው። ገልብጬ የታችኛውን ጨርቅ ፈታሁ። በፈረስ ጭራ የተሞላ ነበር። ረጥቦ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ረጥቦ እንደ ጭቃ ተጣብቋል። የአንድ ሰው ሽንት አልነበረም። ግራኙ ያወጣልኝ አፍንጫ ይህን ለየ። ባይለይ በወደድኩ።

እጄ እዚያው ሳለ በወንበሩ የግራ ክንድ ሥር አንዲት ጉብታ አገኘሁ። የስፌቱ ክር ተመዝዞ ተቋጥሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወደ ግራ ይዞራል። ከጎኗ ሌላ አለች፤ ከዚያችም ቀጥሎ ሌላ። እጁ ታስሮ ጣቱ ብቻ የቀረለት ሰው፣ በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ስፌት እየፈታ ቋጥሯል። የመጨረሻዋ ክር ገና አላደፈችም።

«ምን አገኘህ?» አለኝ በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ከኋላዬ።

«ሽንት» አልኩት።

ለየሻረግ ስነግራት አላለቀሰችም። «የመጨረሻዋ አዲስ ናት?» አለችኝ። «አዲስ ናት» አልኳት። ያን ቀን ጠጉሯን አበጠረች።

እዚህ ላይ ነጋዴነቴ መጣ። ወንበሩን አጥርቼ ካጸዳሁት ዳግመኛ አልጠራም። ካበላሸሁት ቆዳዬ ይገፈፋል። ጸድቶ መልሶ የሚበላሽበት ዘዴ ያስፈልገኛል። ቆዳ የሚያከማች ሁሉ ጨው ያውቃል፤ አሞሌ ወቅጠን ካልነሰነስንበት ቆዳው ይበሰብሳል። ጨው የጠጣ ቆዳ ደግሞ ክረምት ከጮቄ ጉም ሲወርድ ያልበዋል። አዲሱን የፈረስ ጭራ ስሞላ ደቃቅ ጨው አበዛሁበት፤ በመቀመጫው ቆዳ ሥርም አሸሁና መልሼ ሰፋሁት።

ወንበሩ አምሮ ደረቀ። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። ጉም በወረደ ማግሥት ግን አስጠራኝ።

ክረምቱ እንዲህ ገባ። ወንበሩ ይረጥባል፣ ይጠሩኛል፣ አደርቃለሁ፣ ማንም ሳያየኝ የክንዱን ሥር እዳስሳለሁ። ስመለስ የሻረግ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሰላምታ የለም።

«ቋጠሮ አለ?»

«አለ፣ እታለም።»

ይህን ሳትሰማ እህል አትቀምስም ነበር።

አፍንጫዬ የጠፋው በዚያ ሰሞን ነው። ካፒቴኑ «አቼቶው አልበቃውም» ብሎ አንድ ጠርሙስ በረኪና ሰጠኝ። አቼቶው ሳይደርቅ አፈሰስኩበት። ጉሮሮ የሚያንቅ ጢስ ተነሣ፤ ዘበኛው በእጀ ጠባቤ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲህ አሪቲውም የሞተ ውሻውም ለእኔ አንድ ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ ሁለቱን አታገናኙ።

ያላሰብኩት ዘበኞቹን ነው። ወንበሩን ደረቅ አድርጌው ስወጣ ክፍሉን ይቆልፋሉ። ጠዋት ሲከፍቱት ረጥቦ ያገኙታል፤ ያውም ልክ መቀመጫው ላይ። ያ እጀ ጠባቤን የጎተተው ዘበኛ የዲማ አካባቢ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይቀመጡበታል እኮ» አለኝ።

«እነማን?»

«ከዚህ የወጡት።»

ልስቅ ነበር። ጨው መሆኑን የማውቅ እኔ ነኝ። ግን እጄን መቀመጫው ላይ ባሳርፈው ሞቀኝ፤ ሰው አሁን የተነሣበት ያህል። ጨው ያረጥባል እንጂ አያሞቅም። እጄን አነሣሁ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ወሬው ካፒቴኑ ጆሮ ደረሰ። አንድ ጠዋት ስመጣ ከክፍሉ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ደፉን አልተሻገረም። አስተርጓሚው «ወንበሩን ይዘህ ውጣ፤ ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው ይልሃል» አለኝ።

«ከአባቱ ቤት የመጣ አልነበረም?»

አስተርጓሚው ድምፁን ቀነሰ። «ሕያው ሰው አይፈራም ነበር» አለ። «ይህን ፈራ።»

ተሸካሚ ቀጥሬ አወጣሁት። ከምሽጉ በር ስንርቅ አስወረድኩና የክንዱን ሥር ዳሰስኩ። አዲስ ክር ተመዝዟል። አልተቋጠረም። የያዘው እጅ ሳይጨርስ የተነሣ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ እስረኛ በየትኛው ክፍል፣ በምን ላይ ተቀምጦ እንደሚጠየቅ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ወሬ የማገኝባትን አንዲት ቀዳዳ በገዛ ጨዌ ደፈንኳት።

«ቋጠሮ አለ?» አለች የሻረግ።

«ክር አለ።»

«ያልተቋጠረ?»

«ያልተቋጠረ።»

ወንበሩን ቤት አላስገባችውም። ቆዳ በማከማችበት መጋዘን ጥግ አስቀመጥኩት። የመጋዘኑ ቁልፍ የሱቄ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀል፤ እሷም ታውቀዋለች።

ጣሊያን ወጣ። ምሽጉ ሲከፈት ከወጡት መሐል ግራኙ አልነበረም። አየሁት የሚል አልተገኘም፤ ቀበርኩት የሚልም አልተገኘም። ነፍስ አባቷ ያሉት ያንኑ ነው፤ «ጠብቂ»።

ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ክረምት፣ አንድ ጉም የወረደበት ጠዋት፣ የሻረግ ጠጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ሱቄ መጣች። እጄን ይዛ ሳመችው። ታላቄ ናትና ደነገጥኩ።

«ስለቋጠርክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ክሯ እንደዚያ ተከፍታ ከምትቀር ጨከንክልኝ። አሁን አረፍኩ።»

«አሜን» አልኳት።

ስትሄድ መጋዘኑን ከፍቼ ገባሁ። ወንበሩን ገልብጬ ክሯን ፈለግሁ። ተቋጥራለች። ጠባብ ናት፣ የጠበቀች። ወደ ግራ ትዞራለች።

እኔ አልቋጠርኩም። የሻረግም የምትሠራው እንደኔ በቀኝ እጇ ነው። መቀመጫው ረጥቦ ነበር።

ሄጄ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቷ ምን ብላ እንዳስረዳቻቸው አላውቅም፤ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተዝካሩ ወጣ። በሬውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከታረደ በኋላ እንደ ልማዴ ቆዳውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም።

ቆዳ ለምትነግዱ፣ ጨው አንዴ የጠጣ ቆዳ ጨውን አይተውም። ሰው በሚቀመጥበት ዕቃ ላይ ጨው አታድርጉ።

ቀሪው አንድ ወንበር ነው። የገባ ሰው ሁሉ አይሸትም ይለኛል። ክረምት ሲገባ ይረጥባል። ጨው ነው።