በድርሰት የተገደለችው ዘርፌ

ዘርፌ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ጸጉር ትሠራ ነበር። እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የታሰረ ወንድሟን ልትጠይቅ ሄዳ ከእስር ቤቱ ዘቦች አንዱ ደፍሯታል። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግቢ ለምትጋራት፣ መምህርት ለሆነችው ለፍረወይኒ።

ፍረወይኒ ድርሰት ትጽፋለች። በ1986 የሴቶች ማኅበሩ በቀበሌው አዳራሽ እንድታነብ ሲጋብዛት ዘርፌም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ታሪኩ ወንድሟን ፍለጋ ስለወጣች ጸጉር ሠሪ ነበር። ዘቡ በሩን ሲዘጋ፣ ቀሚሷ ሲቀደድ፣ ጭኗ በኩራዝ ብርሃን ሲታይ፣ ፍረወይኒ አንድም ሳታስቀር አነበበችው። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷን ሰቀለች። ሴቶቹ ተላቀሱ፤ ከዚያም አጨበጨቡ።

ዘርፌ አላለቀሰችም። በር ላይ ጠበቀቻት።

«ለምን ገደልሽኝ?»

«ስሙን ቀይሬዋለሁ እኮ። ማንም አያውቅሽም።»

«ስለ ስም ማን አነሳ? በማግስቱ ሥራ ገብቼ የሰው ጸጉር ስተኩስ ዋልኩ ብዬሽ አልነበር? እሱን የት ጣልሽው?»

«እንደዚያ ከጻፍኩት ማን ያለቅሳል? ሰው ግፉን እንዲያውቀው ብዬ ነው።»

«ያወቁት ጭኔን ነው።»

የፍረወይኒ ፊት ተለዋወጠ። «ስለ አንቺ ብዬ በደከምኩ!»

«ስለ እኔ ቢሆን ትጠይቂኝ ነበር። እሱም አልጠየቀኝ፣ አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

«ከእሱ ጋር እኩል አደረግሽኝ? ውለታ ቢስ ነሽ» አለችና ጥላት ሄደች።

ታሪኩ ምንም ሳይለወጥ መጽሔት ላይ ወጣ። አንድ ቀን ፈለቀች የምትባል ደንበኛ ጸጉሯን እየተሠራች አንብባ ጨረሰችና፣ «እንኳን ሞተች። ከዚያ በኋላ ምን ኑሮ አለ?» አለች።

የዘርፌ እጅ ቆመ።

«ኑሮማ አለ። እኔ ዛሬ ሽሮ በልቼ ነው የመጣሁት።»

ፈለቀች በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብላ አየቻት። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ የታየው ሐዘን ዘርፌን ከስድብ ይልቅ አናደዳት።

«እንደሱ አትዪኝ» አለች። «ተነሺ፣ ቀሪውን ሌላ ቤት ይጨርሱልሽ።»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አንዳንዱ ደንበኛ ቀረ፤ አንዳንዷ ደግሞ የራሷን ምስጢር ይዛ፣ ጸጉሯን ሳትሠራ ዝም ብላ ቁጭ ልትል መጣች። ፍረወይኒ ቤት እስክትቀይር ድረስ ሁለቱ በአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዱ አንድም ቀን ሰላም አልተባባሉም።