የደወሉ ሰዓት

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቴንም ቂሜንም ስነግራቸው ይህን ዘልዬዋለሁ። ረስቼው ነው ልበል? ውሸት ነው። አንድም ዓመት አልረሳሁትም።

ጂንካ ውስጥ ማረፊያ ቤት ነበረኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ አንድ ልጄን ሰሎሞንን ያሳደግሁት በእሱ ነው። አስቴር የአልጋ ልብስ የምታጥብልኝ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምራት ስላጣች እኔ ቤት ገባች። እኔ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ በተለይ ሒሳብ። ይህንን ላገኘሁት ሁሉ እናገር ነበር። እሷን ግን አንድ ቀን ጎበዝ ነሽ አላልኳትም።

አንድ ፈረንጅ ማረፊያዬ አረፈ። እስከ ኦሞራቴ ድረስ ያሉትን የውኃ ጉድጓዶች በካርታ ላይ ሊያሰፍር የመጣ ነው፤ ረዳት ይፈልግ ነበር። እንደ ሰው አነጋግሮ በመቅጠር ፈንታ ጨዋታ አዘጋጀ። በአገሩ ሰዎች ሣጥን ይደብቁና ቦታውን በሒሳብ ጥያቄ ይሰውሩታል አለ። ጥያቄዎቹን የሠራ ቁጥሮች ያገኛል፤ ቁጥሮቹን ጂፒኤስ የሚሉት መሣሪያ ላይ ሲያስገባ መሣሪያው ሣጥኑ ድረስ ይመራዋል። ቀድሞ ያገኘ ይቀጠራል። ወጣቱ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ በሚውልበት ከተማ ሣጥን እየደበቀ የሚጫወተውን ትልቅ ሰው ናቅሁት። ልጄ እንዲያሸንፍ ግን ፈለግሁ። የናቀ ሰው እንዲህ ይፈልጋል?

አስቴርና ሰሎሞን ግቢዬ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። አብረው ማለቴ፣ የሦስት ማዕዘኑንም የእኩልታውንም እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይገለብጣል።

«ቀስ በይ እንጂ፣ እጄ ደከመ» ይላታል።

«ጭንቅላትህ ደህና ዐርፏል፤ እጅህም ይልመድ» ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ።

ሥራው ለእሱ መዋያ ነበር። ለእሷ ከልብስ ማጠቢያው መውጫ ነበር፤ ይህንን አውቅ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ጠዋት በስንት ሰዓት ይደወላል? ያገኛችሁትን ቁጥር በእሱ አባዙ። ፈረንጁ ሰዓቱን ቁርስ ላይ የጠየቀው እኔን ነው። ሁለት ሰዓት አልኩት። ስድስት ጨምሮ ስምንት ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

አስቴር ጓዳ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ደወሉ በእኛ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?»

«በእኛ ነው» አልኳት።

ሰሎሞንን ለብቻው ጠርቼ ስምንት ነው አልኩት። ከራሴ ጋር ቆጥሬያት የማላውቃትን ልጅ፣ ላሳስታት ስፈልግ «እኛ» አልኳት። ከቅሌቴ ሁሉ ይህ ይብሳል።

ሰሎሞን ሣጥኑን አየር ማረፊያው ሜዳ ዳር፣ ድንጋይ ሥር አገኘው። በማግሥቱ ከፈረንጁ ጋር ወደ ቱርሚ ወረደ። አስቴርን ግን ቁጥሯ ኔሪ ወንዝን አሻግሮ አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ጣላት። እንሰቱ ሥር አፈር ስትምስ ባለቤቱ ያዛት። የሰው ጓሮ ገብቶ የሚምስ፣ መድኃኒት ሊቀብር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። የገበሬው ልጅ ደግሞ ታሞ ተኝቶ ነበር። ቀበሌ ወሰዷት፤ አሠሪዋ ነኝና እኔም ተጠራሁ።

«የፈረንጁ ሣጥን አየር ማረፊያው ጋ ተገኝቷል» አላት ሊቀመንበሩ። «አንቺን ኔሪ ማዶ ምን ወሰደሽ?»

«እኔም ሣጥኑን ፍለጋ ነው።»

«የማንን ሣጥን? የልጄን?» አለ ገበሬው።

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይንገሯቸው። ደወሉ በእኛ ነው ብለውኛል። ቁጥሩ ነው እዚያ ያደረሰኝ።»

ሊቀመንበሩ አየኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ የተናገርኩት ሌላ ነው።

«እኔ ሒሳብ አላውቅም» አልኩ።

በዚያው ሰሞን ከቤቴ አሰናበትኳት። ሰው ያወራል ብዬ። ወሬውን ማን ሠራው? እኔ።

ሰሎሞን ቱርሚ ላይ በሐመርኛ ውኃ መጠየቅ እንኳ አልቻለም። አስቴር አቀላጥፋ ትናገር ነበር። ፈረንጁ ሥራው ሳያልቅ ልጄን መልሶ ላከው። ያንን ለማግኘት ነበር ያ ሁሉ።

የዛሬ ዓመት አልዱባ ገበያ ወረድኩ። አስቴር እዚያ ተፈልቶ የሚጠጣውን የቡና ገለባ ትሸጣለች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ጥፋቴን ልነግራት ነው የሄድኩት። አንዲት ነጋዴ የት እንደምትቀመጥ ጠየቅኋት።

«ቀባሪዋን ነው?» አለችኝ። «ከእሷ ሊገዙ? ነፍስዎን ጠሉ እንዴ እናቴ?» ጎረቤቶቿ ሳቁ።

የገበሬው ልጅ ድኖ አድጓል። የእሷ ስም ግን አልዳነም። ሌሎቹ ፊት ሰው ተሰልፏል፤ እሷ ፊት ገለባው እንደተከመረ ነው። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ደህና ነዎት እትዬ? ሰሎሞን ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። ገለባ ገዛሁ። ተመለስኩ። ገበያው ሙሉ ሰው ነበር፤ ድምፄን ከፍ ባደርግ ሁሉም ይሰማ ነበር። ቀበሌው ውስጥ ፈርቼ ነው ብል፣ አልዱባ ላይ ማንን ፈራሁ?

እናት ስለሆንኩ ነው አትበሉልኝ፤ እሷም እናት ነበራት። ይቅር በሉኝ አልልም፣ እናንተ የበደልኳችሁ ነገር የለም። አስቴር ምንም አልቀበረችም። የሰው አፈር የነካችው በእኔ ቃል ነው። አልዱባ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ከእሷ ግዙ።