ፓውደር የሸተተው ክኒን

ጋሽ መቀስ ታሞ አያውቅም። ይሄን ደሞ ሳትጠይቀው ራሱ ነው የሚነግርህ። ፀጉርህን ሊቆርጥ አንገትህ ላይ ፎጣ ሲያስር ይጀምርልሃል፣ ፎጣውን ሲያራግፍም ገና አልጨረሰም። ፀጉር ቤቱ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና አንድ አግዳሚ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። አግዳሚው ላይ ከሚቀመጡት ግማሾቹ የሚቆረጥ ፀጉር የላቸውም፤ ለወሬ ነው የሚመጡት።

ታዲያ አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው የመጣች ነርስ በሩ ላይ ቆመችና፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ግን ምንም በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ለጥናት እንደምትፈልግ ተናገረች። ጋሽ መቀስ ምላጩን አስቀመጠ። የደንበኛው አንድ ጉንጭ አረፋ እንደለበሰ ነው።

"ልጄ፣ ከዚህ በላይ አትድከሚ፤ አግኝተሽኛል" አላት። "ሚስትም አለችኝ። እሷም እንደኔው ብረት ናት።"

ሚስቱ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ብረት መባሏን የሰማችው ማታ ነው። "ለኔ ማን ፈቀደልህ?" አለችው፤ ግን ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ቀድማው በሩ ላይ ቆመች።

ደም ሰጡ። በሌላ ቀን ውጤት ሊሰሙ ሲመለሱ ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። ደም ውስጥ ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር አለ፤ የሌለው ሰው የለም፤ ዕድሜ ሲገፋ ከፍ ይላል። ቢ ቫይታሚን ደሞ ዝቅ ያደርገዋል። የልብ ችግርና መርሳት ባለባቸው ሰዎች ላይ በዝቶ ይታያል፤ እሱ ያምጣው አያምጣው ግን ገና እየተጠና ነው። ጋሽ መቀስ "መርሳት" ከሚለው ቃል ወዲያ ያለውን አልሰማም።

"የእርስዎ ደህና ነው፣ አባባ። የእማማ ትንሽ ከፍ ብሏል። ግን ጤነኛ ናቸው፣ አያሳስብም።"

አሳሰበው። የሚስቱ እናት ወደ መጨረሻው ገደማ የገዛ ልጃቸውን "አንቺ የማን ነሽ? ቆንጆ ነሽ" ይሏት ነበር። እሷም እየሳቀች "አመሰግናለሁ" ትልና ጓዳ ገብታ ትቆያለች። እዚያ ምን እንደምትሆን ጋሽ መቀስ ያውቅ ነበር። ተከትሏት ግን ገብቶ አያውቅም። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ አንድ ቀን ቀና ብላ "አንተ የማን ነህ?" ስትለው። ቆንጆ ነህ የሚለውንም የምትጨምርለት አልመሰለውም።

ነርሷ ስማቸው የተጻፈባቸው ሁለት ብልቃጦች ሰጠቻቸው። "አንዳንዱ ብልቃጥ ቫይታሚን አለበት፣ አንዳንዱ ባዶ ክኒን ነው። መልካቸው አንድ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም።"

"ታዲያ ማነው የሚያውቀው?"

"ኮምፒውተር።"

ጋሽ መቀስ ስለ ኮምፒውተር ብዙ የሚለው ነበረው፤ ዋጥ አደረገው።

ትንሽ ቀን እንደወሰደ ሽንቱ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ስልህ ዝም ብሎ ቢጫ አይደለም፤ መብራት ቢጠፋ የሚያበራ የሚመስል ቢጫ። ደነገጠ። ለሚስቱ መናገር አፈረ። ስለዚህ ለአግዳሚው ተናገረ።

"አይዞህ፣ የቫይታሚን ነው" አለው አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። "እኔም ስወስድ እንደዛ ነበርኩ። በቃ እውነተኛው ላንተ ደርሶሃል።"

አግዳሚው በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ካልሲ ትጥፋለች። አጠገቧ ተቀመጠ።

"የኔ እመቤት፣ ሽንትሽ ምን ይመስላል?"

መርፌው ቆመ። "ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ያልጠየቅከኝ ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።"

"ቢጫ ነው?"

"እንደ ሁልጊዜው ነው። አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?"

"እንዲሁ ነው።"

እንዲሁ አልነበረም። ደህና የሆነው እሱ ቫይታሚኑን ይውጣል፣ ከፍ ያለባት እሷ ባዶውን። ይሄ ኮምፒውተር የሚሉት ነገር አንጎል የለውም ማለት ነው። ብልቃጦቹን እንዳይቀያይር ስም አለባቸው። ስለዚህ ውስጣቸውን መቀየር ነበረበት።

ሚስቱ እህቷ ጋ በሄደችበት ቀን ሁለቱንም ይዞ ፀጉር ቤት ገባና በሩን ዘጋ። የራሱን ክኒኖች የተላጨ ሰው አንገት ላይ የሚነሰነስ ፓውደር በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠ። የሷን ወደ እሱ ብልቃጥ፣ ከዚያ የቆርቆሮውን ወደ ሷ። ቆርቆሮውን አስቀድሞ ጠርጎታል። አላጠበውም። ፀጉር አስተካካይ አፍንጫው ፓውደርን ከአየር አይለይም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስትውጥ በጎን ያያታል። እሷ ክኒኑን ትንሽ ታየዋለች፣ እሱን ታያለች፣ ውሃ ትጠጣበታለች። የሱ ሽንት ወደ ድሮው ተመለሰ። በሕይወቱ በሽንቱ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም።

ሁለተኛውን ደም ሰጥተው ውጤት ሊሰሙ በሄዱበት ቀን ነርሷ ስንት እንደተረፈ ልታይ ብልቃጦቹን ከፈተች። የሚስቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

"እማማ፣ ክኒንዎ ለምን ፓውደር ፓውደር ይሸታል?"

ጋሽ መቀስ ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ማንበብ ጀመረ።

"እሱን ጠይቂው" አለች ሚስቱ። "ከሆነ ቀን ጀምሮ እንደሱ ነው የሚሸተው።"

"ታውቂ ነበር?" አለ፣ ከግድግዳው ሳይዞር።

"ከዚህ ሽታ ጋር እኮ ነው የምተኛው።"

"ታዲያ ለምን ዋጥሽው?"

"ልትገድለኝ ብትፈልግ እስካሁን አትቆይም ነበር ብዬ።"

አውጣጡት፤ ተናገረ። የሽንቱንም፣ የቆርቆሮውንም፣ የኮምፒውተሩንም። ነርሷ ሰምታ ሰምታ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "አባባ፣ ጥናቱን እኮ አበላሹት። ሁለታችሁንም ማስወጣቴ ነው።"

"እኔን አውጪኝ። እሷን ግን ክኒኑን አትከልክያት።"

ነርሷ የውጤቱን ወረቀት አየች። "የእማማ ወርዷል።"

"ወርዷል?"

"ወርዷል። ግን ይስሙኝ። ቁጥሩ ወረደ ማለት አይረሱም ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይ ክኒኑ ቁጥሩን ያወርዳል፤ መርሳትን ያስቀር እንደሆነ ግን እርግጠኛ የሆነ የለም። ያንን ለማወቅ ነበር የምናጠናው።" ነበር ስትል ረዘም አድርጋ አየችው። "ክኒኑን ደሞ ሐኪም ካዘዘላቸው ፋርማሲ ያገኙታል።"

"ፋርማሲ አለ?"

"ድሮም አለ፣ አባባ።"

ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።  

"ብትረሺኝስ?" አለ ጋሽ መቀስ።

"እሱ ነው እንዴ ነገሩ?" ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ከረሳሁህ ማን ነህ እልሃለሁ። አንተ ደሞ ትነግረኛለህ። ወሬ መቼ አልቆብህ ያውቃል?"

"ነግሬሽ ባትወጂኝስ?"

አሰበችበት። "መጀመሪያም ወዲያው አልወደድኩህም። ጊዜ ወስዶብኛል።"

ጋሽ መቀስ ይሄን አያውቅም ነበር። ዞሮ አያት። እሷ ተነስታ ሐኪሙ ጋ ተራ ልትይዝ መሄድ ጀምራለች።

"ምን ያህል ጊዜ?" እያለ ተከተላት። "አንቺ፣ ቆይ እንጂ! ምን ያህል ጊዜ?"