ይማርልሽ

ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ከዶሮዬ ጋር ነበር የምኖረው። አንድ ክረምት ዓይኗ አብጦ ተጣበቀ፤ ስትተነፍስም ሲር ሲር ትል ጀመር። አከራዬ «ፈንግል ነው፤ ሳትሞት አሳርጃት» ሲሉኝ ተናድጄ በሩን ዘጋሁት።

ዓይኗን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥቤ፣ የዓይን ቅባት ልገዛ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ «ለማን ነው?» ሲለኝ ለዶሮ ብዬ መሳቂያ መሆን ጠላሁና «ለትንሿ ልጄ» አልኩት።

«እግዜር ይማርልሽ» አለኝ፣ ከልቡ። እኔ ራሴ ሳል ይዞኝ ስሰነብት እንኳ ይማርሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ዶሮዋ በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ ጓሮ ቀበርኳት። በማግሥቱ በደጁ ሳልፍ ሻጩ ተጣራና «ልጅሽ ተሻላት?» አለኝ።

«ገና አልተሻላትም» አልኩት፣ ነገም እንዲጠይቀኝ።