የቲቸር ኩሪያን ዘጠና ሰባት

ባለፈው ማክሰኞ ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስተኛ ዙር ስዞር ስልኬ ጠራ። የቲቸር ኩሪያን ልጅ ሱዛን ነበረች። ድምፅዋን ስሰማ ገና ሳትነግረኝ ገባኝ። አባቷ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በተኙበት አርፈዋል። ነፍስ ይማር አልኩ። እሷ ግን ሌላም ጉዳይ ነበራት፤ እሁድ ሳን ሆዜ ላይ መታሰቢያ ስላለ ቤተሰቡ እኔም እንድናገር ይፈልጋል።

"ስለዚያ ኳስ ንገረን፣ አንክል" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "አባዬ እስከ መጨረሻው ሲያወራው ነበር።"

እሺ አልኳት። ፓርኪንግ ባገኝም ከመኪናው መውረድ አቃተኝ።

ቲቸር ኩሪያን ህንዳዊ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምረዋል። በእኛ ጊዜ ሂሳብ ከህንድ መምህር ያልተማረ ተማሪ ስንት ነበር? የተዋወቅነው ግን ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነው። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁ የሃያ ሦስት ዓመት የማታ ፈረቃ ልጅ፣ እሳቸው የቀን ፈረቃ አለቃ። አንድ ቀን ፈረቃ ስንቀያየር አልፈታ ያለኝን ብሎን በአማርኛ ስሰድበው፣ ከኋላዬ "ይህ ቃል ክፍል ውስጥ አይፈቀድም!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽበታም ህንዳዊ ቆመው ይስቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር አልኳቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያስተምሩኝ።

ክሪኬት ውስጥ የከተቱኝም እሳቸው ናቸው። ፋብሪካው ውስጥ ህንዶቹና ፓኪስታኖቹ በርከት ስለሚሉ እሁድ እሁድ የቀንና የማታ ፈረቃ ይገጥሙ ነበር። የማታዎቹ አንድ ሰው ሲጎድላቸው ቲቸር "ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ልጅ ኳስ አያቅተውም" ብለው አስገቡኝ። ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ የሚወረወርለትን ኳስ በዱላ ይመታል፤ እየሮጠም ነጥብ ይሰበስባል። እንጨቶቹ ከወደቁበት ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት ግን አለቀ፤ ለዚያን ቀን ወጣ። አንድ ሰው ብቻውን መቶ ነጥብ ካገባ ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቲቸር መቶ ገብቶላቸው አያውቅም። ጎበዝ መቺ ነበሩ፣ ዕድል ግን የላቸውም። አንድ ጊዜ ከማዶ ጫፍ አብሯቸው የሚጫወተው ጓደኛቸው የመታው ኳስ የወርዋሪውን ጣት ነክቶ ሄዶ በእሳቸው በኩል ያለውን እንጨት ጣለ፤ ምንም ሳያጠፉ ወጡ። ሌላ ጊዜ ዘጠና አንድ ላይ ሆነው የፓርኩ ሣር ማጠጫ በራሱ ሰዓት ተከፍቶ ሃያ ሁለታችንንም አበሰበሰንና ጨዋታው ተበተነ። ውሃው ከመነጽራቸው እየተንጠባጠበ "ምን ይደረጋል!" ብለው ሳቁ። እኔ ብሆን ማጠጫውን በዱላ እሰብረው ነበር። በዚያ ላይ የጉልበታቸው መገጣጠሚያ አልቆ ሐኪም ኦፕራሲዮን ቀጥሮላቸዋል። ያ ክረምት የመጨረሻቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቀኑ እሁድ፣ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። እዚህ ነሐሴ ዝናብ የለውም፤ ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ የሜዳው ሣር ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ሳልበላ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ከዚያ በሁለት አውቶቡስ ሜዳ ደረስኩ። ራሴን እያዞረኝ ሁለት ኳስ ከእጄ ጣልኩ። አንዱ የቲቸር ነበር፤ ሠላሳ ነጥብ ሳይሞሉ ልይዛቸው ስችል ለቀቅኳቸው። የእኛ አምበል ሁሉም እየሰማ "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ውሃ ታመላልሳለህ" አለኝ። እንዲህ ሲባል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያ ከተማ ከእነዚህ ሰዎች ሌላ እሁድን የማሳልፍበት ሰው አልነበረኝም።

ቲቸር ቀጠሉ። ሃምሳ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። በእያንዳንዱ ሩጫ ጉልበታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ዘጠና ሰባት ሲደርሱ ባለቤታቸው ከጥላው ሥር ተነሥተው ቆሙ።

የሚቀጥለው ኳስ ዝቅ ብሎ ወደ እኔ መጣ። በደረቴ ተወረወርኩ። ኳሱ ሣሩን ነካና እጄ ገባ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሣሩን ነክቶ ነው የገባው። ማንም አላየም፣ ጣቴ ግን አውቋል። ተነሥቼ ኳሱን ከፍ አደረግኩት። የማታዎቹ እየጮኹ መጥተው አቀፉኝ፤ አምበሉም ጭምር።

ዳኛው ወርዋሪው ስለከለለው አላየም። በእነሱ ልማድ እንዲህ ሲሆን ያዡ ይጠየቃል፤ ያዝኩ ካለ መቺው ይወጣል። መከራከር ነውር ነው። እኔ ያደግኩት በሌላ ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እየተባለ፣ ማጭበርበርም የጨዋታው ጨው ሆኖ። ቲቸር ዳኛውን አልጠበቁም፤ እያነከሱ ወደ እኔ መጡና በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ተስፋዬ፣ ያዝከው?"

"ያዝኩት፣ ቲቸር።"

"መሬት አልነካም?"

"ማርያምን!"

ሰፈር ውስጥ ብይ ስንጫወት በቀን መቶ ጊዜ የምንምላት መሐላ ናት። አስቤ አልማልኩም፣ ከአፌ ወጣች። እሳቸው ግን አሥራ አንድ ዓመት ደሴ ኖረዋል። ጾሙ የማን እንደሆነም ያውቃሉ። ትንሽ አዩኝና "በእሷ ከማልክ ጨርሰናል" አሉ። "ጎበዝ!" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ወጡ። ባለቤታቸው ቁጭ ሲሉ አየሁ።

ለምሳ እረፍት ስንወጣ እኚሁ ሴት ዕቃ ይዘውልኝ መጡ። "ጾመኛ ነህ ብሎኛል፤ የሎሚ ሩዝና ምስር ነው፣ ቅቤ የለበትም።" የሩዙ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አንድ ጉርሻ ጎረስኩና ዕቃውን ከደንኩት።

እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ፋብሪካ ልነግራቸው አስቤ ፈራሁ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ሆስፒታል ሄጄ ብርቱካን አስቀምጬላቸው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ዱላ አልያዙም። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ ቲቸር ታሪኩን ወደዱት። ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ያለው ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይህ ልጅ ነው ከዘጠና ሰባት ላይ ያወረደኝ! እንዲህ ያለ አያያዝ አይቼ አላውቅም" ይላሉ። በየዓመቱ የተወረወርኩበት ርቀት አንድ አንድ ክንድ ይጨምራል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሰው በገዛ ጥፋቱ እየተመሰገነ እንደመኖር የሚያቃጥል ነገር አላውቅም።

ማክሰኞ ማታ ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልሰማችም። እራቷን ትታ አየችኝ።

"አሁኑኑ ኮል አድርግላትና ንገራት" አለች። "ሞተው እንኳን ልትዋሽባቸው ነው?"

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣሩን፣ መሐላውን። ሱዛን ያለችበትን ክፍል በር ስትዘጋ ሰማሁ።

"አንክል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ፕሊስ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።"

ሠላሳ አምስት ዓመት የፈራሁት ቁጣን ነበር። ቁጣ ቢሆን በቻልኩት። ለካ ውሸት ሲቆይ የዋሸው ሰው ንብረት ብቻ አይሆንም፤ የተዋሸው ሰው ወዶት ይዞት ይኖራል፣ ሲሞትም ለልጆቹ ይተወዋል። አሁን እውነቱን ብናገር ከአንዲት አሮጊት ላይ የባሏን ተወዳጅ ጨዋታ መውሰዴ ነው። ባልናገር ደግሞ ያው ውሸታሙ እኔው ነኝ።

እሁድ ከኦክላንድ ወረድን፤ አልማዝ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስለ ደሴ፣ ስለ ሂሳብ፣ ስለ ሣር ማጠጫው ተናገርኩ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀውን ተናገርኩ፤ ልክ ቲቸር በሚያወሩት አኳኋን፣ ርቀቱንም ሳልቀንስ።

ስወርድ ባለቤታቸው በምርኩዝ ተነሡ። ምርኩዙን ለሱዛን ሰጥተው ሁለት እጆቼን ያዙና መዳፎቼን ገልብጠው አዩ።

"እነዚህ ናቸው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው። እጆቼን ግንባራቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እኔም እስኪለቁኝ ድረስ ቆምኩ።