ሌላው ግማሽ

ሸዋወርቅ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እኔ አማርኛ። ክፍሎቻችንን የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለነበር እኔ ስለ ሰዋስው ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳወራ የእሷ ተማሪዎች ሲስቁ ይሰማኛል። የሰባተኛ ክፍል ልጅን በሒሳብ ማሳቅ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቱ በትግርኛ ነው፣ እሷ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ልጆቹ ትግርኛዋን ያርሟታል፣ እሷ ሒሳባቸውን ታርማለች፤ ተስማምተው ይኖራሉ።

የመሆን ዕድል የሚባለው ምዕራፍ ሲደርስ በየዓመቱ ከሓወልቲ ሰፈር ካፌዎች የለቀመችውን ቆርኪ በጨርቅ ከረጢት ይዛ ትገባለች። ዐሥር ቆርኪ፣ ሦስቱ ቀይ። ሳታዩ አንድ ብታወጡ ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ ብሎ ግማሽ ነው፣ ወይ ቀይ ይሆናል ወይ አይሆንም ይላል። የምትጠብቀውም ይህንኑ ነው። አትቆጣም፤ እያወጡ እየመለሱ እንዲቆጥሩ ታደርጋቸዋለች። ቀዩ ወደኋላ ሲቀር ልጁ ራሱ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። መሆንና አለመሆን ሲደመሩ ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ከአንድ ቀንሶ ሌላውን ያገኛል። ቀይ የመሆኑ ዕድል ሦስት ዐሥረኛ ከሆነ ቀይ ያለመሆኑ ሰባት ዐሥረኛ ነው። «ሁለት መሆን እኩል መሆን አይደለም» ትላቸዋለች፤ ልጆቹም ይህችን ቃል ገበያ ሳይቀር ይዘዋት ይዞራሉ።

ይህችው መምህርት ቤቷ ስትገባ ሒሳቡን ትረሳው ነበር።

ቤቷ ቤቴም ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ከውቅሮ መንገድ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ እኔ ተከራይ ነኝ። የግቢው ባለቤት አማቷ ኣደይ ኣስካል ነበሩ፤ ኣደይ እናቴ ማለት ነው። የሸዋወርቅ ባል ገብረዝጊ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፣ እናቱ የግቢውን ብረት በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርገው ይከፍቱለታል። የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ለግንባር ውሃና ስንቅ ማመላለስ ያዘ። በመጨረሻው ዓመት ሄደ፤ አልተመለሰም።

ጡሩምባው ግን ኣደይ ኣስካልን አልተዋቸውም። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላም አመሻሽ ላይ ቁጭ ባሉበት ጆሯቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ «መጣ» ይላሉ፣ ተነስተው በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። መኪና የለም። አቧራና ውሻ ብቻ። ሸዋወርቅ ከኋላቸው ሄዳ ትከሻቸውን ይዛ ትመልሳቸዋለች፣ በሩን ትዘጋለች። እኔ ደፋር ነኝ የምል ሴት ያን ሰዓት ፍርሃት ይወረኝ ነበር። ገብረዝጊ በሌለበት ገብረዝጊ የሞላበት ግቢ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደግሞ አሮጊቷ ምራታቸውን አስቀምጠው ይጠይቋታል። የተማረች ናት፣ ዕድል የሚባለውን ነገር የምታሰላ ናት ብለው ይኮሩባታል።

«ሸዋየ፣ ክንደይ እዩ?» ይላሉ። ልጄ የመምጣቱ ነገር ስንት ደረሰ ማለታቸው ነው።

«ግማሽ ነው፣ ኣደይ። ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም።»

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ምሳቸውን ይበላሉ። እኔ እበግናለሁ። ምላሴ አርፎ አይቀመጥም፤ ግን የሰው ሐዘን ነውና ዓመታት ዋጥኩት። ሰፈሩም ዝም አላለም። ባሏ ጠፍቶ ኩል ትኳላለች፣ ቀይ ሻርፕ ታስራለች አሏት። ከሰፈሩ አፍ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። በብርድ፣ በዝናብም። ባሏን የምትጠብቅ መስሎኝ አንጀቴን ትበላው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ትዕግስቴ አለቀ። ለልጆቹ ስህተት ነው ብለሽ የምትሰርዢውን መልስ ለእኒህ እናት እንዴት ትሰጫለሽ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ግማሹ አይቀንስም ወይ አልኳት። ቆመች። የሚያልፍ ጋሪ ነበርና እስኪርቅ ጠበቀች።

«አልቀነሰም» አለች። «ዜሮ ነው፣ የኔአለም። ከጥንትም ዜሮ ነው።»

የነገረችኝ ይህን ነው። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ቤተሰቡ ሳይበተን ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በየሰፈሩ በማለዳ ዋይታ ይሰማ የነበረው ለዚህ ነው። ወደኛ ግቢም መርዶ ነጋሪዎች መጥተው ነበር። ከፊት የነበረው አቶ ገብረተንሳኤ የገብረዝጊ ባልንጀራ፣ ሾፌር ነው፤ መኪናው ሲቃጠል በዓይኑ አይቷል፣ የተረፈውንም በእጁ ቀብሯል። ሸዋወርቅ ያን ቀን ውሃ ልትቀዳ ቀድማ ተነስታ ኖሮ በር ላይ አገኘቻቸው። ገና ሳይናገሩ ገባት። እዚያው ተንበርክካ እግራቸውን ይዛ ለእናቱ እንዳይነግሩ ለመነች። ኣደይ ኣስካል ታላቅ ልጃቸው ጎደፋ በትግሉ ጊዜ ሞቶ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ መርዶው ሲነገራቸው ግማሽ አካላቸው ተይዞ በስንት ጸበል ነው የተነሱት። ደም ብዛታቸው ሌላ መርዶ አይሸከምም። ሽማግሌዎቹ መርዶ መደበቅ ነውር ነው፣ ነፍሱም ያለ ፍትሐት ትቀራለች ብለው ተቆጧት። ቀን ስጡኝ ብላ መለሰቻቸው። ሌላ ጊዜ መጡ፤ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማን መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ ከሁሉም ቀድማ በር ላይ መቀመጥ ሆነ ሥራዋ። ባሏን አልነበረም የምትጠብቀው፤ ሞቱን ነበር ከበር የምትመልሰው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በእኛ ግቢ ንጋት ሁሉ እውነቱን ሲያባርር ኖረ።

ፍትሐቱስ አልኳት። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ሄዳ፣ ማንም በማያውቃት ደብር፣ በክርስትና ስሙ አስደርጋለታለች። ጥቁር ግን አልለበሰችም። ፊቷን አልነጨችም። ኩል እየተኳለች ባሏን የቀበረች ሴት ከእሷ በቀር አላውቅም። ስትነግረኝም አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ ቀይ ሻርፗን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔም ጭንቅ ሆነ። ኣደይ ኣስካል ቤተ ክርስቲያን ሲቆዩ፣ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ፣ አንዱ ነገረኛ አፉ ያመልጠው ይሆን እያልኩ በር በሩን አያለሁ። በር ላይ ንጋቱን ተካፈልን፤ እሷ ስትታመም እኔ እቀመጥ ነበር።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል፣ አሮጊቷ አልጋ ያዙ። ሐኪሙ ተስፋ የለውም አለ። ቄሱ መጥተው አናዘዟቸው፣ አቆረቧቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ወድቃለች። ሸዋወርቅ እግራቸውን ስታሽ፣ እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር።

እንደ እሑዱ ጠየቁ። ክንደይ እዩ አሉ። ሸዋወርቅ እንደ እሑዱ መለሰች፤ ግማሽ ነው አለች።

ኣደይ ኣስካል ዓይናቸውን ወደ ምራታቸው መለሱ። ከዚያ «ጓለይ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የሚመጣበትን ግማሽ ሁሌ ነገርሽኝ። ሌላውንስ?»

«ሌላውም ግማሽ ነው፣ ኣደይ።»

«እንግዲህ ካለ ላንቺ ይመጣል። ከሌለ እኔ ዛሬ አገኘዋለሁ። ከሁለታችን ለአንዳችን መምጣቱ አይቀርም» አሉ፤ የሸዋወርቅንም እጅ ያዙ።

ሸዋወርቅ ዓመታት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ነገር ይኸው ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ። እግራቸው ላይ ተደፍታ ጮኸች። ኣደይ ኣስካል የምራታቸውን ፀጉር አሻሹ እንጂ አልከለከሏትም። ያውቁ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። ፀሐይዋ ከአልጋው ላይ ሳትነሳ ዐረፉ።

ቀብሩ ሲያልቅ አቶ ገብረተንሳኤና ሽማግሌዎቹ የያዙትን መርዶ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ተናገሩ። ሸዋወርቅ ቀይ ሻርፗን ፈትታ ጣለች፤ ለአንዷ ለቅሶ የመጣ ሰው ለሁለት አለቀሰ። ያሟት የነበሩት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ እግሯ ላይ ወደቁ፣ እኔም በልቤ ይበላችሁ አልኩ። በአርባው ቀን ተዝካር ላይ ቄሱ የእናትና የልጅ ስም አከታትለው ጠሩ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ በር ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ሸዋወርቅ አረፈድኩ እስክትል ትተኛ ጀመር። ተገላገለች ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። እሷ ጥቁሯን ለብሳ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ታርማለች፣ እኔ የሽሮ ክክ እለቅማለሁ። ከልጆቹ መካከል ዛሬም ግማሽ ብለው የመለሱ እንዳሉ እያሳየችኝ ትስቅ ነበር። መሃል ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጆሮዋን ቀና አደረገች። ተነስታ ሄዳ የብረት በሩን አንዱን ክንፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን ከፈተች፤ ወለል አድርጋ። መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም።

«የኔአለም፣ ጡሩምባውን ሁለቱንም ሰማሽ?» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

ከሩቅ ከሚጮህ ውሻ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ስንት ሰው የገሠጸ ምላሴ ያን ጊዜ እውነቱን ማውጣት አቃተው።

«አንዱን ሰምቻለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ በቃት። ተነስቼ አጠገቧ ሄድኩ፣ ጥቂት ቆመን መንገዱን አየን፣ ከዚያ እሷ አንዱን ክንፍ እኔ ሌላውን ይዘን በሩን ዘጋን።