ልቤ፣ የጾም ጎመንና የጉዞ ኢንሹራንስ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ናይሮቢ ሳይዘንብ ደመና ብቻ በሚከርምባት የሐምሌ ብርድ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ልብስ የምሸጥባት ሱቄ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። ለዓመታት ዕቃ ተሸክሜ ስወጣባት ኖሬያለሁ። ያን ሰሞን ግን ባዶ እጄን ሆኜ መሃል ላይ እቆም ጀመር። ብርድ ነው አልኩ። ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ከዚያ ተጋድሜ መተኛት አቃተኝ፤ ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ አነጋ ነበር። አንድ ቀን ሳስል መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

ጎትታ ሆስፒታል የወሰደችኝ ዘሃራ ናት። ዘሃራ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ የሞያሌ ሰው ናት። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ቁጣዋም እንዲሁ።

ኤኮ የሚሉትን የልብ ምርመራ አደረጉልኝ። የልብ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

"ማማ ሳራ፣ ይህ በር መከፈት ነበረበት። አይከፈትም።"

እዚህ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። ሳራ ልጄ ናት፤ ሌላ የለኝም። በሩ ሚትራል ቫልቭ ይባላል። በልጅነቴ ደጋግሞ ያመመኝ ጉሮሮ ሩማቲክ የሚባለውን የልብ ሕመም ትቶብኝ ኖሯል። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም ነበር። ቫልቩ መቀየር ነበረበት።

ቀኑ ተቆረጠ። ተናዘዝኩ። ቆረብኩ። ሳራ እጄን ያዘች። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ደረቴን ከፈቱት። ልቤን አቆሙት። ሰው የሠራውን ቫልቭ አስገቡልኝ። ነቃሁ። አፌ ውስጥ ቱቦ ነበር። መናገር አልቻልኩም። በሐሳቤ፣ ተመስገን አልኩ።

ማገገሙ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ እስከ መንገዱ ጫፍ እየሄድኩ፣ በመጨረሻ አንድ ጠዋት ያችን ደረጃ ሳልቆም ወጥቼ ሱቄን ስከፍት፣ የፎቁ ነጋዴ ሁሉ ሥራውን ትቶ አጨበጨበልኝ። አዲሱ ቫልቭ ድምፅ አለው፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ቲክ ቲክ ይላል። ደሜ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜዬን ሙሉ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን እውጣለሁ። የክኒኑ ልክ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚሉት የደም ምርመራ ነው። የእኔ ቁጥር ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል መሆን አለበት። ከዚያ ቢወርድ ደሜ ይረጋል። ቢወጣ እደማለሁ። ሐኪሜ "አመጋገብዎን አይለዋውጡ" አሉኝ። እሺ አልኩ። የተረዳሁም መስሎኝ ነበር።

አምስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሳራ ጀርመን አገር ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እዚያው አገባች። በ2016 ዓ.ም. ከገና በኋላ ደወለችልኝ።

"ማሚ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አያት ትሆኛለሽ።"

የባሏ እናት በሕይወት የሉም። እሱም በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው። እናቷ እያለች ልጄ ብቻዋን ልትታረስ አይገባም። እመጣለሁ አልኳት።

ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ግድ ነው። ሐኪሜም ከኤምባሲው ብሰው አገኘኋቸው። "ይሂዱ። በረራው አያሰጋም። ግን ልብዎን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይዙ አይሂዱ። እዚያ ቢታመሙ ዕዳው የሚወድቀው በልጅዎ ላይ ነው" አሉኝ። አራስ ልጠይቅ ሄጄ ዕዳ ልሆንባት አልፈለግሁም።

መሃል ከተማ ያለ አንድ ኤጀንት በአንድ ቀን ወረቀት አወጣልኝ። ፎቶ አንስቼ ለሳራ ላክሁላት።

"ማሚ፣ ይሄ ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፍንም ይላል። ከልብሽ በስተቀር ሁሉንም ይሸፍናል። እግርሽ ቢሰበር ይከፍላሉ።"

ዘሃራ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። "እንግዲያማ እግርሽን ስበሪያ!" አለች።

ሁለተኛው ኤጀንት ዘዴ አለኝ አለ። ሕመም አለብዎት ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ "ኖ" በይ፤ ማን ያያል አለኝ። ሱቅ ተመልሼ ለዘሃራ ነገርኳት።

"ማን ያያል?" አለች ዘሃራ። "አንቺ፣ ደረትሽ ቲክ ቲክ እያለ ራሱ ይመሰክርብሻል!"

ሳቅሁ። ግን ነገሩ ሳቅ አልነበረም። መዋሸት ኃጢአት ነው። ደግሞም የታመምኩ ዕለት ኩባንያው የሕክምና ፋይሌን ያስመጣል፤ ውሸቴን ያገኛል፤ አልከፍልም ይላል። ኤጀንቱን "ኖ" አልልም አልኩት።

ሦስተኛዋን ያገኘኋት አይ ኤን አር ልለካ ተራ ስጠብቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የልብ ሕመምተኛ አዛውንት ልጃቸውን ሊጠይቁ በቅርብ ተጉዘው እንደነበር ነገሩኝ። ማን እንደረዳቸው ጠየቅኳቸው። ስልኳን ሰጡኝ። ዋንጂሩ ትባላለች፤ ጊጊሪ ሰፈር ለውጭ አገር ሠራተኞች ኢንሹራንስ የምታፈላልግ ናት። ስለ ልቤ ሳልጠየቅ ሁሉንም ነገርኳት።

"ደግ ነው ማማ። እውነቱን ከያዝን መንገድ አለ" አለችኝ።

እሷ ያገናኘችኝ ኩባንያ ሕመምተኛን በስልክ በነርስ ያስጠይቃል። ነርሷ ብዙ ጠየቀችኝ። መለስኩ። መጨረሻ ላይ "ባለፉት ሦስት ወራት የመድኃኒትዎ መጠን ተለውጧል?" አለች።

ተለውጦ ነበር። ዐቢይ ጾም ተጀምሮ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቁጥሬ ወርዶ ሐኪሜ ዋርፋሪኑን ጨምረውልኛል። አዎ አልኳት። ያለፉትን ዓመታት ውጤት ይላኩልን አለች። ላክሁ። መልሱን ዋንጂሩ ይዛልኝ መጣች።

"እምቢ አላሉም። የረጋ ሕመም እንሸፍናለን፤ የእርስዎ አልረጋም ነው ያሉት። በየዓመቱ መጠኑ ይለዋወጣል ይላሉ። ሦስት ወር ሳይለወጥ ከቆየ ይመለሱ ብለዋል።"

ሳራ እስክትወልድ ሦስት ወር ሊሞላ ይችል ነበር። ግን በየዓመቱ የሚለዋወጠው አሁን በምን ይረጋል? ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሜ የአምስቱን ዓመት ውጤት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

"ማማ ሳራ፣ በየዓመቱ ማርች ላይ ምን ይሆናሉ?"

"ምንም አልሆንም።"

"ቁጥርዎ በየዓመቱ ማርች ላይ ይወርዳል። መድኃኒት እጨምራለሁ። ሜይ ላይ ይወጣል። እቀንሳለሁ። አንድም ዓመት አልቀረም።"

ሜይ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ በየዓመቱ ይነስረኛል። ሙቀቱ ነው እል ነበር።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩ።

"ምን ይበላሉ?"

"ሽሮ። ምስር። ጎመን።"

"ጎመን በሳምንት ስንት ቀን?"

"በየቀኑ። ሲርበኝ ሁለቴ።"

"ከጾሙ በኋላስ?"

"ከጾሙ በኋላ ጎመን ማን ያያል?"

እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ሳቁ። "አምስት ዓመት! ለምን አልነገሩኝም?"

ምን ልበላቸው? ጾም በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው፤ ጾመኛ ነኝ ብሎ ማውራት ነውር ነው። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግሁት። ለጎረቤት ያልተናገርኩትን ለሐኪም መናገር እንዳለብኝ አላሰብኩም። አመጋገብዎን አይለዋውጡ ሲሉኝም እንግዳ ምግብ አይብሉ ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ጾም ለእኔ ለውጥ አይደለም፤ ዓመቱ ራሱ ነው።

አስረዱኝ። ጎመንና እዚህ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት የጎመን ዓይነት ቫይታሚን ኬ የሚባል ነገር አለባቸው። እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በጾም ብዙ ስበላ ደሜ ወደ መርጋት ይሄዳል፤ በፍስክ ስተወው ወደ መድማት። አሁን ጾም ያቁሙ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ጾምዎን አልነካም" አሉኝ። "ጎመኑን ግን በጾምም በፍስክም እኩል ይብሉ። በየቀኑ፣ በአንድ ልክ። ልኩን እርስዎ ይምረጡ፤ መድኃኒቱን እኔ ለእሱ አስተካክለዋለሁ።"

ለዐይን የምታንስ ጎድጓዳ ሳህን ገዝቼ የጎመኔ ልክ አደረግኋት። በጾሙ ከሷ አላልፍም። ፋሲካ ዕለት እንግዶቼ ዶሮና የፍየል ጥብስ ሲበሉ እኔም በላሁ፤ ከጎኑ ግን ጎመኔ ነበረች። ዘሃራ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥታ አየችኝ።

"ፍየሉን አርደሽ ቀለቡን ደግሞ ትበያለሽ?"

ግንቦት ላይ ተለካሁ። ቁጥሬ ሦስት። አፍንጫዬ አልደማም። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ገባ። እዚህ ላይ ነበር ፈተናው። ጾምኩ። ሳህኗን ጠበቅሁ። ጾሙ ሊፈታ ሲል ተለካሁ፤ ሐኪሜ ውጤቱን አይተው በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "ሦስት። አልተነቃነቀም። ሦስት ወርዎም ሞልቷል" አሉና ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፉ። የመለዋወጡን ምክንያት፣ ምክንያቱ መወገዱንም ገልጸው ጻፉ።

በሳምንቱ ዋንጂሩ ሱቄ ድረስ መጣች። ደረጃውን ስትሮጥ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ። ከስሜ በታች የልቤ ቫልቭ በስሙ፣ ዋርፋሪንም በስሙ ተጽፏል፤ ሁለቱም ተሸፍነዋል። ከሌላው ሰው ጨመር አድርጌ ከፍያለሁ። አልቆጨኝም። በርበሬው ከረጢት ላይ ተቀምጬ አምላኬን አመሰገንኩ። ዘሃራ እልል ስትል ከታችኛው ፎቅ ማን አገባ ብለው ወጡ።

ቪዛው ሲደርሰኝ ሳራ ሳትጠብቀኝ ወልዳ ነበር። ሴት ልጅ። እኔ የደረስኩት በሳምንቷ ነው። በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው፤ ሳራ አልጋ ላይ ሆና "ማሚ፣ በመጨረሻ!" አለችና አለቀሰች። ያኔ እኔም አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሕመም ይዘው መንገድ ላሰቡ ነው። ሕመማችሁን አትደብቁ፤ የደበቃችሁት ዕለት ከፍላችሁም ያለ ኢንሹራንስ ናችሁ። ለቪዛ የሚበቃ ወረቀት ለሕመማችሁ ላይበቃ ይችላል፤ የማይሸፍነውን የሚናገረውን ገጽ አስቀድማችሁ አንብቡ። አንዱ ኩባንያ እምቢ ቢል ሌላው ጋ ሂዱ፤ "አልረጋም" ካሏችሁ ምን ቢሆን ረጋ እንደሚሉ ጠይቁ። ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ መርጋት ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒታችሁን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳ ያዙ። ጾመኛ ከሆናችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ውዳሴ ፍለጋ አይደለም። ሐኪሙ ልካችሁን እንዲያውቅ ነው። የጎመኔ ልክ ለእኔ ነው፤ የእናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

ሐኪሜን፣ ዋንጂሩን፣ ስማቸውን ያልጠየቅኳቸውን አዛውንት እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ዘሃራን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፤ ብጀምር ትቆጣለች። ከሁሉ በፊት ልቤን አቁሞ ላስነሳው ምስጋና ይግባው።

በደረስኩ ማግሥት ጠዋት ሕፃኗ ስታለቅስ ቀድሜ ተነሣሁ። በለብታ ውኃ አጠብኳት፤ ቅባት ቀብቼ ጠቀለልኳትና ደረቴ ላይ አስተኛኋት። ሳራ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እስኪወጣ ተኛች። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ገንፎዋን ጣድኩ።